አዲሱን ባቡር ማስረጀት

አቅራቢ 1፦ ገና ከካርቶኑ የወጣ፣ የሚያብረቀርቅ የባቡር ሞዴል ገዝቶ ማቆሸሽ! እኔ ገንዘብ ማባከን ነው የምለው።

አቅራቢ 2፦ ቆይ እንጂ እህቴ፤ ያገለገለ እንዲመስል ነዋ! የአሜሪካኑን ኤስዲ40-2 እንውሰድ። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 3000 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነው። 21 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በ1፡87 መጠን ሲሠራ 24 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ ቡናማ ቀለም ረጭቶ መገላገል ነው!

አቅራቢ 2፦ የለም፣ እያንዳንዱ እድፍ ምክንያት አለው። ጥላሸቱ የሚጠቁረው ጣሪያው ላይ ባለው ጭስ ማውጫ ዙሪያ ነው። መንኮራኩሮቹ አካባቢ ፈዛዛ አቧራ ይኖራል፤ ሐዲዱ እንዳያንሸራትት ባቡሩ አሸዋ ይረጫል። ነዳጅ መሙያው ሥር ደግሞ የፈሰሰ ናፍጣ ጥቁር መስመር ይተዋል።

አቅራቢ 1፦ በምን ይሠራል?

አቅራቢ 2፦ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቀለም የአየር ማስገቢያው ወንፊት ላይ ይቀባና ትርፉ ይጠረጋል፤ ጥልቀቱ ያኔ ይወጣል። ለአቧራው የጠመኔ ዱቄት በብሩሽ፣ ከዚያ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ። ሐዲዱን የሚነካው የመንኮራኩር ገጽ ግን ንጹሕ ይሁን፤ ሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በእሱ በኩል ነው።

አቅራቢ 1፦ ይሁንልህ። ግን ብዙዎች ያጋንኑታል፤ በሥራ ላይ ያለውን ባቡር ቁራሌው የሚጠብቀው ብረት ያስመስሉታል።

አቅራቢ 2፦ እዚህ ላይ ተስማምተናል። የእውነተኛውን ፎቶ ሳያዩ ብሩሽ ማንሳት ነው ጥፋቱ። ቀለም መጨመር ቀላል ነው፤ የደረቀውን ማንሳት ነው የሚያስቸግረው።