አንድ ኪሎ ከሰል ስንት አየር ይፈልጋል?
(በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ለዛሬው በዓል ንግግር አዘጋጁ በተባልን ጊዜ ስለ ሮኬት እንናገር ያሉም ከመካከላችን ነበሩ። በመጨረሻ ግን በየቤታችን ያለውን የከሰል ምድጃ መረጥን። በክረምት ሌሊት በርና መስኮት ተዘግቶ ከሰል ሲነድበት ያደረ ቤት ቤተሰብ እንደሚያጠፋ ሁላችንም እንሰማለንና፥ ነገሩን በሒሳብ ልንመረምረው ወደድን።

ከሰል ከሞላ ጎደል ካርቦን ነው፤ እንዲቀለን ሁሉንም ካርቦን እናድርገው። ካርቦን በሚገባ ሲነድ 12 ግራሙ 32 ግራም ኦክሲጅን ወስዶ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። እንግዲህ 1 ኪሎ ካርቦን 2.67 ኪሎ ኦክሲጅን ይፈልጋል። ከአየር ክብደት ውስጥ ኦክሲጅኑ ከመቶ 23 ያህል ስለሆነ፥ 2.67ን ለ0.23 ስናካፍል 11.6 ኪሎ አየር እናገኛለን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ሳሳ ይላል፤ በባሕር ጠረፍ 0.83 ሜትር ኩብ የሚይዘው 1 ኪሎ አየር እዚህ 1.1 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ከሰል ከ12 ሜትር ኩብ የበለጠ አየር ይፈጃል። ርዝመቱና ስፋቱ 3 ሜትር፥ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ግን ያለው አየር 22.5 ሜትር ኩብ ብቻ ነው።

የሚወጣውስ ምንድን ነው? አየር በይዘት ሲለካ ከመቶ 21 እጁ ኦክሲጅን ነው፤ የቀረው 79 ናይትሮጅን ነው እንበል። አየሩ ልክ ቢሆን በጭሱ ውስጥ 21 እጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገኛል። አየሩ እጥፍ ቢሆን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 10.5፥ የተረፈው ኦክሲጅን 10.5 ይሆናል። ድምሩ ያው 21 ነው! መሐንዲሶች ኦርሳት በሚባለው መሣሪያ ሁለቱን ለክተው፥ በእንዲህ ያለ እሳት ድምሩ ከ21 ካነሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደ ገባበት ያውቃሉ። ይህም ኪሳራ ነው፤ 1 ኪሎ ካርቦን በሚገባ ሲነድ 7,800 ኪሎካሎሪ ያህል ሙቀት ሲሰጥ፥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ሲቀር የሚሰጠው 2,200 ያህል ነው።

በቤት ውስጥ ግን ኪሳራው የገንዘብ አይደለም። ብዙ ሰው «ጭሱ ወጥቶለታል፥ ፍም ሆኗል» ብሎ ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት ያስገባል። ከታች የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀላው ፍም መካከል ሲያልፍ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ በፍሙ ላይ የምናያት ሰማያዊት ነበልባል እርሱ ሲነድ ናት። ያልነደደው በክፍሉ ይበተናል። ቀለምም ሽታም የለውም፤ የደማችንን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ከከሰሉ 12 ግራም ብቻ ወደዚህ ጋዝ ቢለወጥ 31 ሊትር ያህል ይሆናል። በዚያች ክፍል ይህ ከሺህ 1.4 እጅ ነው፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ለመግደል ይበቃል።

ውሃ በሳሕን ማኖር አይረዳም፥ ጋዙ በውሃ እምብዛም አይሟሟምና። ምድጃው ከመኝታ በፊት ወደ ደጅ ይውጣ። ከሰል ባለበት ቤት ራሱን ያመመው፥ ያዞረው ወይም ያቅለሸለሸው ሰው ቢኖር «ይተኛና ይሻለዋል» አይባልም፤ በሩ ተከፍቶ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር፥ ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል።