ከኳስ ሜዳችን በታች

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



በእንዲህ ያለው የደስታ ቀን ስለ ቆሻሻ ለመናገር በመነሣቴ አስቀድሜ ይቅርታችሁን እለምናለሁ። ለዚህ በዓል መታሰቢያ እንዲሆን ከኳስ ሜዳችን ግርጌ የውኃ ጕድጓድ ሊቆፈር ታስቧል፤ ወላጆችም ገንዘብ አዋጥተዋል። አሳቡ በቀረበ ጊዜ ፈጥነው እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነበርሁ። ኋላ ግን ዘበኛችን አባባ ሲያጫውቱን እንደ ሰማሁት፥ ያ ሜዳ ቀድሞ የቆሻሻ መጣያ ነበር። አሮጌ ባትሪ፥ የቀለም ቆርቆሮ፥ የመድኃኒት ጠርሙስ፥ የወጥ ቤት ትራፊ ሁሉ እዚያ ሲጣል ኖረ፤ ሲሞላም አፈር ለበሰ፤ ሣር በቀለበት፤ እኛም ኳስ ተጫወትንበት።

አፈር የለበሰ ቆሻሻ የሞተ ይመስላል እንጂ ሥራውን አይተውም። የአምቦ ልጅ ምድር እንደምትተነፍስ ለማመን አይቸገርም፤ በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የሚሸጠው ውኃችን የሚፈላው ከመሬት ውስጥ በሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነውና። የተቀበረ ቆሻሻም አየር በሌለበት ሲበሰብስ ጋዝ ያወጣል። ይኸውም ግማሽ ያህሉ ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሜቴን ነው። የመጀመሪያው እሳት ያጠፋል፤ ሁለተኛው ግን በአየር ውስጥ ከመቶ ከ5 እስከ 15 እጅ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። (ከታናናሾቼ መካከል ክብሪት ጭሮ ለመሞከር የሚያስብ ካለ፥ እባክህ ተው!)

በእንግሊዝ አገር ሎስኮ በምትባል መንደር ቆሻሻ መጣሉ ከቀረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በአውሮጳ አቆጣጠር ማርች 24 ቀን 1986 ማለዳ አንድ መኖሪያ ቤት በፍንዳታ ፈረሰ፤ በውስጡ የነበሩት ሦስት ሰዎችም ክፉኛ ቆሰሉ። ጋዙ በመሬት ውስጥ በድንጋይ ስንጥቅ እየተሳበ ከቤቱ ሥር ገብቶ ነበር። ታዲያ ስለ ምን በዚያች ሌሊት ሆነ? የአየሩ ግፊት በ7 ሰዓት ውስጥ በ29 ሚሊባር ወርዶ ስለ ነበር ነው። ከላይ የሚጫነው አየር ሲቀል ከታች የታመቀው ጋዝ መውጫ ያገኛል። ስለዚህ በአንድ ጥሩ ቀን ለክቶ «ምንም የለም» ብሎ መመለስ ራስን ማታለል ነው። ቧንቧ በመሬት ውስጥ ተተክሎ፥ የአየሩ ግፊት በሚወርድበትም ቀን ጭምር መለካት ያስፈልጋል።

ወደ አገራችን ልመለስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ የሦስት ቀንም ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ቆሼ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረ ቦታ ነው። ሲጀመር ከከተማው ዳር ነበር፤ ከተማው ግን እየሰፋ ሄዶ ከበበው። ከሥሩም ፈሳሽ እንዳያልፍ የተነጠፈለት ነገር አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ በተከፈተው አዲስ መጣያ ገበሬዎቹ ውኃችን ተበከለ፥ ከብቶቻችንም ተጎዱ ብለው ስለ ተቃወሙ፥ ቆሻሻው ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ወደ ቆሼ ሄደ። ከአደጋው ወዲህ የጃፓን የፉኩኦካ ከተማ ባስፋፋችው ዘዴ፥ ማለት በቆሻሻው ውስጥ ቧንቧ እየተቀበረ ፈሳሹ እንዲወጣና አየር እንዲገባ በማድረግ፥ ቦታውን ለማስተካከል ተሠርቷል።

እኔ የጭልሞ ልጅ ነኝ። ከጭልሞ ደን የሚወርዱት ምንጮች ወደ አዋሽ ይገባሉ። በቆሼ በኩል የሚያልፈው ትንሹ አቃቂም አባ ሳሙኤል ደርሶ ኋላ ከዚያው ከአዋሽ ጋር ይገናኛል። ስለ ቆሼ ሳስብ እንግዲህ የሌላ አገር ነገር አይመስለኝም።

ዝናብ በተቀበረ ቆሻሻ ውስጥ ሲሰርግ ጥቍር ፈሳሽ ሆኖ ይወርዳል፤ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋርም ይቀላቀላል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ ጠላቶች በአፈር የደፈኗቸውን የአባቱን ጕድጓዶች ይስሐቅ እንደ ገና ማስቆፈሩን ተምሬአለሁ። አፈርስ በአካፋ ይወጣል፤ ከውኃ ጋር የተቀላቀለውን ግን በምን ያወጡታል? የከርሰ ምድር ውኃ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ፥ ዛሬ የተበላሸው ከብዙ ዓመት በኋላ ይታይ ይሆናል።

ከኬሚስትሪ መምህራችን ጋር አንድ ነገር ሞክረናል። ቆሻሻ በውኃ ውስጥ ከሚተዋቸው ምልክቶች አንዱ ክሎራይድ ነው፤ አፈር አይዘውምና ከውኃው ጋር አብሮ ይጓዛል። ከግቢያችን በላይ ካለው ምንጭና ከሜዳው በታች ካለው ቦይ ውኃ ቀዳን። በሁለቱም ጥቂት ናይትሪክ አሲድ፥ ቀጥሎም ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አደረግን። የላይኛው በጭንቅ ደመነ፤ የታችኛው እንደ ወተት ነጣ።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ ተደሰትሁ፤ መምህራችን ግን ደስታዬን ቀዘቀዘብኝ። «ከሽንት ቤትም፥ ከከብት በረትም ክሎራይድ ይመጣል፤ ደግሞስ በዚህ አገር ምድሪቱ ራሷ በውኃው ውስጥ ስንት ዓይነት ጨው ታገባለች!» አሉኝ። ትክክል ናቸው። አንድ ልኬት ብቻውን ምንም አይመሰክርም። ከላይና ከታች፥ በክረምትም በበጋም፥ በዚያው ቦታ በዚያው ዘዴ እየተለካ ሲጻፍ ነው ምድሪቱ የሰጠችው ከሰው ከጣለው የሚለየው።

ወላጆቼ ሆይ፤ ልጅ ሆኜ ይህን ስናገር ድፍረት እንዳይመስላችሁ። ያዋጣችሁት ገንዘብ እንዲመለስ አልጠይቅም። ልመናዬ ጕድጓዱ ከሜዳው በላይ እንዲሆን ነው። በዚያ በኩል ውኃው ጠለቅ እንደሚል፥ ወጪውም እንደሚጨምር አውቃለሁ፤ መታሰቢያውም ለሚመጣው ዓመት በዓል ይደርስ ይሆናል እንጂ ለዘንድሮው አይደርስም። ከሜዳው በታች መቆፈር የግድ ከሆነ ግን፥ የውኃ ባለሙያዎች አንድ ዓመት ሙሉ ሳይመረምሩት ማንም ከእርሱ አይጠጣ። ሜዳው ላይም ጋዙ ሳይለካ የመማሪያ ክፍል አይሠራበት።

የመመዝገቢያ ደብተር ገዝቻለሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ተጽፏል። እኔ በሚመጣው ዓመት እዚህ አልገኝም። ከ10ኛ ወይም ከ11ኛ ክፍል ደብተሩን ለመረከብ የሚወድ ቢኖር፥ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በላቦራቶሪው በር እጠብቀዋለሁ።