ሲስቁ ስለሚታይ ድድና ስለ መርፌው
(በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይኸውም ሲስቁ ድዳቸው ጎልቶ ስለሚታይ ሰዎችና ይህን ለመቀነስ ስለሚወጋው መርፌ ነው። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ብርድ አፍን በነጠላ መሸፈን ያለ ነው። ልጃገረድ ግን በሞቀ የሠርግ ዳስ ውስጥ ሳቋን በመዳፏ ስትደብቅ ነገሩ ብርድ አይደለም፤ ሐፍረት ነው።

እስቲ ወደ ኋላ መለስ ብለን እናስብ። ብዙ እናቶቻችንና አያቶቻችን ድዳቸውን ተነቅሰዋል። ድዱ በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋ ጥላሸት ይቀባል፤ ይደማል፣ ያብጣል። ያን ሁሉ ሥቃይ የቻሉት የጠቆረው ድድ ነጩን ጥርስ እንዲያደምቀው ነው፤ ድድ ያጠነክራልም ይባል ነበር። እነሱ ድዳቸው እንዲታይ ተወጉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ እንዳይታይ ሊወጉ ነው። የውበት ደንብ ይለዋወጣል ማለት ነው። ስለዚህ ድድ መታየቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ድዱ ጤነኛ ከሆነ ምን ያሳፍራል?

“እኔን ግን ያስጨንቀኛል” የምትል እኅት ብትኖር አንነቅፋትም። ነገር ግን በቅድሚያ ምክንያቱ ይታወቅ፤
1ኛ/ የላይኛው መንጋጋ አጥንት ረዝሞ ይሆናል።
2ኛ/ ድዱ ጥርሱን ሸፍኖ አሳጥሮት ይሆናል።
3ኛ/ ድዱ አብጦ ይሆናል። ይህም በጥርስ ላይ ከሚጠራቀም ቆሻሻ፣ እንደ ፌኒቶይን ካለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ወይም እንደ ኒፈዲፒንና አምሎዲፒን ካሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቱን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ አደገኛ ነው!
4ኛ/ የላይኛውን ከንፈር ወደ ላይ የሚስቡት ጡንቻዎች ከመጠን በላይ ይሠሩ ይሆናል።

መርፌው በዋናነት የሚረዳው ይህን አራተኛውን ነው። ያበጠ ድድ መታጠብና መታከም እንጂ መርፌ አያሻውም።

መርፌው ቦቶክስ በመባል ይታወቃል። አንድ ባክቴሪያ ከሚያመነጨው ብርቱ መርዝ ይዘጋጃል፤ እጅግ ጥቂቱ ሲወጋ ጡንቻን ለጊዜው ያላላል። አሜሪካ በ1989 እ.ኤ.አ. ለዓይን መንሸዋረር፣ በ2002 ደግሞ በቅንድብ መካከል ለሚታይ መሸብሸብ ፈቅዳዋለች። ለድድ መዋሉን በ2005 ማሪዮ ፖሎ የተባሉ የጥርስ ሐኪም ጽፈው አሳትመዋል። ውጤቱ በጥቂት ቀናት ይጀምርና ከ3 እስከ 6 ወር ገደማ ቆይቶ ይጠፋል። ለጥር ሠርግ የተወጋች ሙሽራ ክረምቱ ሳይወጣ ድዷ እንደ ቀድሞው ይታያል ማለት ነው። እንደገና ብር፣ እንደገና መርፌ!

ጉዳቱስ? ያለ ቦታው ወይም ያለ መጠኑ ከተወጋ ከንፈር ይወርዳል፣ ፈገግታ ይጣመማል፣ ውኃ መጠጣትም ያስቸግራል። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም የጡንቻ መድከም በሽታ ያለበት ሰው አይወጋም። በጋራ መርፌ መወጋት ደግሞ፣ ለንቅሳትም ይሁን ለዚህ፣ ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታን ያስተላልፋል።

በመሆኑም የሚከተለውን እናሳስባለን፤
— መጀመሪያ በጥርስ ሐኪም መታየት።
— በፀጉር ቤትም ሆነ በመኖሪያ ቤት ፈጽሞ አለመወጋት።
— የሚወጋው ሐኪም መሆኑን፣ መርፌው አዲስ መሆኑን፣ መድኃኒቱ በማቀዝቀዣ መቀመጡንና ጊዜው አለማለፉን ጠይቆ ማረጋገጥ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

በመጨረሻም ለወላጆችና ለጎረቤቶች አንድ ቃል አለን። ልጅን “ድዳም” እያልን እየጠራን ኋላ ለምን መርፌ ፈለገች ብንል አያምርብንም። ከመርፌው በፊት የእኛ አፍ ይታረም። ልጆቻችን አፋቸውን ሳይሸፍኑ ይሳቁ!