ከበሮ በሰው እጅ ያምር




አባቶች ሲተርቱ «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላሉ። ተረቱ የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ የሌላውን ሰው ሥራ አቅልሎ የሚመለከተውን ለመገሠጽ ነው። ነገር ግን አስተማሪ የሆነ ሰው ሲያደምጠው ሁለት ጥያቄ ይደቅንበታል። የመጀመሪያው፣ ከበሮው ያደናገረውን ሰው ከመደናገር የሚያወጣው ማን ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው ከፊተኛው ይከብዳል። ከበሮውን ገና ሳይነካ «ይህ ላንተ አይሆንም፤ ይህ ላንቺ አይገባም» የተባለ ሰው፣ እጁ የሚያምር ይሁን የሚያደናግር በምን ይታወቃል? የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለቱን ጥያቄዎች በአንዲት የናይሮቢ ከበሮ መቺ ሕይወት መመርመር ነው። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጎረቤት አገር በኬንያ ከበሮ እንግዳ ነገር አይደለም። በስዋሂሊ ቋንቋ ንጎማ የሚለው ቃል ከበሮንም፣ ዘፈንንም፣ ጭፈራንም ባንድነት ይጠራል፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማሰብ አላስፈለገም ማለት ነው። በምዕራብ ኬንያ የሚኖሩት የኢሱካና የኢዳኮ ሕዝቦች ኢሱኩቲ በሚባለው ጭፈራቸው ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ የሆኑ ሦስት ከበሮዎችን አስተባብረው ይመታሉ። ልጅ ሲወለድ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ሰው ሲሞትም ከበሮዎቹ አይለዩም። እንዲህ ያለው ሥር የሰደደ ጥበብ ግን በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ምክንያቱም ዐዋቂዎቹ እያረጁ፣ የሚተካቸው ደቀ መዝሙር እየጠፋ መሄዱ ነው። ከበሮ የሚሞተው ቆዳው ሲቀደድ አይደለም፤ ተማሪ ሲያጣ ነው።

ካሲቫ ሙቱዋ ከበሮን የተዋወቀችው ከአያቷ ነው። ሙዚቃ ቤት አልነበረም፤ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ መምህርም አልነበረም። የነበሩት አሮጊቷ ሴትና ለመስማት የተዘጋጀች ልጅ ናቸው። ይህ ነገር ተራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በብዙ የአፍሪካ ማኅበረ ሰብ ዘንድ፣ በኬንያም ጭምር፣ ከበሮ የወንድ ዕቃ ነው የሚል ልማድ ነበረ፤ ሴት እጇን ልታሳርፍበት ነውር ነው ተብሏል። እንግዲህ ያቺ አያት ለልጅ ልጃቸው ያስተላለፉት ምት ብቻ አልነበረም፤ ልማድ የዘጋውን በርም ከፍተውላታል።

ካሲቫም ከበሮ መምታትን ሙያዋና እንጀራዋ አደረገችው። በ2017 ዓ.ም. በታንዛንያ፣ በአሩሻ ከተማ በተደረገው የቴድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ከበሮዋን ይዛ ቀርባ፣ እየመታችም እየተናገረችም፣ የሴት ከበሮ መቺ ነውር ተብሎ መቆየቱን ለጉባኤው አስረዳች። ሴቶችም የባህል ጠባቂዎች ለመሆን እንደሚችሉ አስገነዘበች። በዚሁ ንግግሯ ሥራዬ ብላ የያዘችው የከበሮን ትርጉምና ጥቅም ለሴቶችና ለልጃገረዶች ብቻ ሳይሆን ለወንዶች ልጆችም ማስተማር መሆኑን ገለጸች። መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባው ይህን የመጨረሻውን ነገር ነው። ክልከላው የጎዳው ሴቲቱን ቢሆንም፣ ክልከላውን የሚያስቀጥለው ወይም የሚያስቀረው ነገ አባት የሚሆነው ወንድ ልጅ ጭምር ስለሆነ፣ ትምህርቱ ለሁለቱም መድረስ አለበት።

የከበሮ ትምህርት ትምህርት ለመባል የሚበቃ ነውን? የሚል ቢኖር፣ መልሱ ከመሣሪያው ይገኛል። የከበሮ ፊት አንድ ቆዳ ሲሆን ድምፁ ግን አንድ አይደለም። መካከሉን በሙሉ መዳፍ ሲመቱት ወፍራምና ጥልቅ ድምፅ ይሰጣል። ጠርዙን በተገጠሙ ጣቶች ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ይወጣዋል። ጣቶችን ዘርዘር አድርገው በጥፊ ሲያጮሉት ደግሞ ስለታም ድምፅ ያሰማል። ጀማሪ ልጅ ሦስቱን መለየት ያቅተዋል፤ ለይቶም ቢሆን ይቸኩላል። ቀኝ እጁ ሲበረታ ግራው ይሰንፋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሳይመቱ መቆየት ነው፤ ጓደኛው የሚመታበትን ጊዜ ጠብቆ፣ እጅን ሰብስቦ፣ ዝም ማለት። መቁጠር፣ ማድመጥ፣ መታገሥ፣ ከሌላው ጋራ መተባበር በአንድ ጊዜ የሚለመዱበት መሣሪያ ከዚህ የተሻለ ለመገኘቱ ያጠራጥራል።

በአገራችንም ይህ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ተማሪ ዜማውን በቃሉ ካጠና በኋላ በጸናጽል፣ በመቋሚያና በከበሮ እንዴት እንደሚዘመም ብዙ ዓመት ይማራል። የጎንደር በዓታም የዚህ ትምህርት ማስመስከሪያ በመሆን ስሟ የተጠራ ነው። ከበሮ እንደ ንባብና እንደ ቅኔ መምህር፣ ጉባኤና ምስክር የሚሻ ትምህርት መሆኑን አባቶች ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት ዐውቀውት ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ በሠርግ ቤት ከበሮውን ይዘው ዘፈኑን የሚመሩት ብዙውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ «ሴት ከበሮ አትመታም» የሚለው ቃል ከአንድ አገር አልፎ ወደ ሌላው ሲሄድ፣ ከአንድ ግቢ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ እንኳ የሚለዋወጥ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ የሚለዋወጠው ነገር ልማድ እንጂ የእጅ ተፈጥሮ ሊሆን አይችልም።

ከበሮን መከልከል በአፍሪካ ብቻ የታየ አይደለም። ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ልጆች በሚኖሩባት በትሪኒዳድ ደሴት፣ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች በ1880ዎቹ ዓመታት ሕግ አውጥተው የቆዳ ከበሮ እንዳይመታ አገዱ። ሕዝቡም ቀርከሃ እየቆረጠ መሬት ለመሬት ይመታ ጀመር። በ1930ዎቹ ደግሞ ወደ ጣሳና ወደ ብረት ዕቃ ዞረ፤ ቀጥሎም ባዶውን የነዳጅ በርሜል በመዶሻ እየቀጠቀጠ፣ አንዱን ስፍራ ከፍ ያለ ድምፅ፣ ሌላውን ዝቅ ያለ ድምፅ እንዲሰጥ አድርጎ ዜማ የሚጫወት መሣሪያ ሠራ። ይህም ስቲልፓን የሚባለው ነው። በ1951 ዓ.ም. የደሴቲቱ ልጆች መሣሪያቸውን ይዘው በለንደን በዓል ላይ ተጫወቱ፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ስቲልፓን የትሪኒዳድና ቶባጎ ብሔራዊ የሙዚቃ መሣሪያ ተባለ።

የተከለከለው ከበሮ ጉዞ በዚህ አላበቃም። በስዊስ አገር፣ በበርን ከተማ ስቲልፓን ሲሠሩ የኖሩ ፌሊክስ ሮነርና ሳቢና ሼረር የተባሉ ባለሙያዎች በ2000 ዓ.ም. ሀንግ ያሉትን አዲስ መሣሪያ ፈጠሩ፤ ስሙ በበርን ቋንቋ እጅ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተነሡ ሌሎች ሠሪዎች የሚሠሩት የዚሁ ዐይነት መሣሪያ ሀንድፓን ይባላል። ሁለት ጎድጓዳ የብረት ሳሕን አፍ ለአፍ እንደተገጠመ ያለ ነው። ጭን ላይ አስቀምጠው በጣት ይመቱታል። በላይኛው ፊት መካከል አንድ ወፍራም ድምፅ የሚሰጥ ጉብታ አለ፤ በዙሪያውም አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት የድምፅ ስፍራዎች አሉ። በክራር ምሳሌ ቢታሰብ ጠባዩ ይገባል። ክራር በትዝታ ከተቃኘ በትዝታ፣ በባቲ ከተቃኘ በባቲ ያዜማል፤ ደርዳሪው ሲፈልግም ቅኝቱን ይለውጠዋል። ሀንድፓን ግን በተሠራበት ቅኝት ጸንቶ ይኖራል፤ ቅኝቱ የተቀጠቀጠው ከብረቱ ጋራ ነውና። ዛሬ በየአገሩ ከበሮ መቺዎች ወደዚህ መሣሪያ ተሻግረው መተዳደሪያቸው ሲያደርጉት ይታያል። የሚሻገሩበት እጅ ግን ያው በቆዳው ላይ የሠለጠነው እጅ ነው።

ቆዳው ከብረቱ የሚበልጥበት ነገርም አለ። የቆዳ ከበሮ በአንድ ቅኝት ስለማይታሰር ከማንኛውም ዜማ ጋራ ይስማማል። ይህ ጠባዩ በካሲቫ ሥራ ውስጥ ጎልቶ ታይቷል። በ2011 ዓ.ም. ግብጻዊው ሚና ጊርጊስና ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ድምፃዊት ምክሊት ሀደሮ የናይል ፕሮጀክት የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። አሳባቸው በዓባይ ተፋሰስ የሚገኙ አገሮች ሙዚቀኞች ባንድነት እየኖሩ አዲስ ዜማ እንዲደርሱ ነበር። ዓመቱ የታላቁ ህዳሴ ግድብ መሠረት የተጣለበትና ስለ ውኃው የሚደረገው ክርክር የጠነከረበት ነው። በዚህ ማኅበር ውስጥ ካሲቫ ከኬንያ፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ እንድሪስ ሀሰን፣ ሳክስፎን ነፊው ዮርጋ መስፍንና የጎንደሯ የአዝማሪ ልጅ ሰላምነሽ ዘመነ ከኢትዮጵያ፣ እንዲሁም የሩዋንዳን ኢናንጋ ከአባቷ የተማረችው ሶፊ ንዛዪሴንጋ ተገናኙ። የኢትዮጵያው ቅኝት በአምስት ድምፅ ይሄዳል፤ የግብጹ ዜማ ደግሞ ከግማሽ ድምፅ ያነሰ ክፍልፋይ ይጠቀማል። ሁለቱ በቀላሉ አይጋጠሙም። ሁሉንም ባንድ እርምጃ እንዲሄዱ የሚያደርገው ምቱ ነው። መንግሥታት ሲከራከሩ የአያቷን ከበሮ የተማረች የናይሮቢ ሴት የብዙ አገር ሰዎችን እርምጃ ማስተካከሏ፣ ይህን ትምህርት እንደ ጨዋታ ብቻ ለሚቆጥር ሰው በቂ መልስ ነው።

እዚህ ላይ የወላጆች ጥያቄ ይነሣል። «ከበሮ እንጀራ ይሆናልን?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ልጁ እንዳይራብ የሚያስብ ወላጅ ያነሣዋልና። ነገር ግን መልሱን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው። በ1943 ዓ.ም. በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። በዚያ በሊንዲስፋርን ኮሌጅ ሳሉ የሙዚቃ ተሰጥኦአቸው ታየ። ከዚያም በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በቦስተን በበርክሊ ተምረው፣ ቫይብራፎን የተባለውን በመዶሻ የሚመታ የብረት መሣሪያና የከበሮ ሥራ ሙያቸው አደረጉ፤ ኢትዮ ጃዝ የሚባለውንም ስልት አቋቋሙ። በዚያ ትምህርት ቤት ሙዚቃ የሚባል ሰዓት ባይኖር ኖሮ፣ ኢትዮጵያ ምናልባት አንድ መሐንዲስ ታተርፍ ይሆናል፤ ያጣችውን ግን ባላወቀችው ነበር። ያልታየ ተሰጥኦ ሲጠፋ የሚያለቅስለት የለም።

ኬንያ በዚህ ረገድ የሚታይ ምሳሌ አላት። የኬንያ የሙዚቃ ፌስቲቫል ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ቤት ልጆችን በዜማና በጭፈራ እያወዳደረ ኖሯል። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ የገባው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ በከፍተኛው ሁለተኛ ደረጃ ለኪነ ጥበብና ለስፖርት ራሱን የቻለ መስክ ከሳይንሱና ከማኅበራዊው ትምህርት ጎን አቁሟል። ሥርዓት ግን ብቻውን አያስተምርም። በክፍል ውስጥ ቆሞ «ማን ይሞክር?» የሚል መምህር ያስፈልጋል። ያ መምህር ሲጠይቅ ዓይኑን ወደ ወንዶቹ ብቻ ከላከ፣ ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ጠረጴዛዋን በጣቷ እየመታች ዓመቱ ያልፋል፤ ምናልባትም ስለ ረበሸች ትቀጣለች።

ስለዚህ መምህሩ ጠረጴዛ የሚመታውን ልጅ ከመቅጣቱ በፊት ምቱን ያድምጥ። ምቱ ልክ ካለው፣ ልጁ ወንድ ይሁን ሴት፣ የባላባት ይሁን የአዝማሪ ልጅ ሳይጠይቅ ከበሮ ይስጠው። ሰጥቶም አይተወው፤ ንባብ እንደሚያስተምር ከቀላሉ ወደ ከባዱ እየመራ፣ እየሰማና እያረመ ያስተምረው። የትምህርት ኃላፊውም ለዚህ የሚሆን ሰዓትና ዕቃ ሲጠየቅ፣ ከእውነተኛው ትምህርት የተሰረቀ ጊዜ አድርጎ አይቁጠረው።

ከበሮ በሰው እጅ ያምራል። ማማሩ ግን ከእጁ ጋራ አልተወለደም። ከዚያ እጅ በስተ ጀርባ ሌላ የመራው እጅ አለ። ለካሲቫ ያ እጅ የአንዲት አያት ነበር። በየትምህርት ቤቱ ደግሞ የመምህሩ ሊሆን ይገባል።