«ለጊዜው» የተወሰደ መሬት
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተሰጠ ንግግር)



የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ለመንግሥት ሥራ እንቅፋት ነው ሲባል እንሰማለን። እንዲህ ከማለት በፊት ታሪኩን መመልከት ይገባል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬዎች ያመፁት ስለ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ዛሬ ገማች ከመጣ ነገ ቀያሽ፣ ከነገ ወዲያ ርስት ነቃይ ይከተላል ብለው ሠግተው ነው። መንግሥት በአይሮፕላን እስከ መደብደብ ከደረሰ በኋላ አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ከዚያ አነሣ፤ ውዝፉንም ግብር ማረ።

በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሆነ። ለገበሬው የቀረው የመጠቀም መብት ነው። አሁን የሚያሠጋው «ለጊዜው» የሚለው ቃል ነው። መንገድ ሲሠራ ለካምፕ፣ ለተለዋጭ መንገድና ለጠጠር ማውጫ የሚሆን መሬት፣ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል ተብሎ ይወሰዳል። መንገዱን የሚጠላ የለም። ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ ለጤፍ ነጋዴም፣ ምጥ ለያዛት ሴትም ያው መንገድ ነው።

ዐዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱ ለጊዜው ለተወሰደበት ገበሬ፣ እስኪመለስለት ድረስ ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ እያሰበ ካሣ ይፈቅድለት ነበር። ነገር ግን ድምሩ ለዘለቄታው ለተነሣ ከሚከፈለው፣ ማለትም ከአማካይ ገቢው ዐሥር እጥፍ እንዳይበልጥ ይከለክል ነበር። እስቲ አስሉት! በዐሥራ አንደኛው ዓመት መሬቱም የለም፣ ካሣውም የለም። ሕግ አውጪው «ለጊዜው» ሲል ስንት ዓመት አስቦ ኖሯል? በ2011 ዓ.ም. የተተካው ዐዋጅ ቁጥር 1161 ለዘለቄታው ለሚነሣው በሦስት ዓመት ውስጥ ከተገኘው ከፍተኛ ገቢ ዐሥራ አምስት እጥፍ ወስኗል። ይህ መሻሻል ነው፤ አልክድም።

ዳሩ ግን ስሌቱ በአብዛኛው የቆመው ከመሬቱ በሚገኝ ገቢ ላይ ነው። አፈሩንስ ማን ይቆጥረዋል? ከባድ መኪና የተመላለሰበት መረሬ ተጠቅጥቆ ውሃ አያሰርግም፣ ማረሻም እንደ ልብ አይገባለትም። ጠጠር የወጣበት ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ኩሬ ይሆናል። በወረቀት ላይ ሄክታሩ ሳይጎድል ይመለሳል፤ ጤፉ ግን አብሮት አይመለስም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የላይኛው አፈር አስቀድሞ ተገፍፎ ለብቻው ይከመር። ጥልቀቱና መሬቱ የሚመለስበት ቀን ተጽፎ አንዱ ቅጂ ለገበሬው ይሰጠው። ካሣውም መሬቱ በተመለሰ ዕለት ሳይሆን የቀድሞውን ያህል ባበቀለ ዓመት ይቁም። ወጪ ይበዛል የሚል ይኖራል፤ ወጪውማ ዛሬም አለ፣ ከፋዩ ገበሬው ሆነ እንጂ።