የጉልበት ሕመምና የደም ምርመራ ወረቀት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ዕድሜዬንም የጨረስኩት በመዝገብ ቤት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ስለ ጉልበት ሕመም ልናገር ስነሳ «ደግሞ ይኼ ምን አገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የሚያገባኝ የበደልኩት ሰው ስላለ ነው።

የዕድሩ ጸሐፊ በነበርኩበት ጊዜ አንዲት እናታችን ከሦስት ቀብር ቀሩ። በደንባችን መሠረት የቀረ መቀጮ ይከፍላል፤ የታመመ ግን ማስረጃ ካመጣ ይታለፋል። እሳቸውም «ጉልበቴን አሞኝ ነው» ብለው የደም ምርመራ ወረቀት አመጡ። አገላብጬ ባየው ሁሉም ቁጥር ልክ ነው። «እትዬ፣ ይኼ ወረቀት እኮ ጤነኛ ነዎት ነው የሚለው» አልኳቸው። «ወንድሜ፣ ያመመኝ ጉልበቴ ነው፤ ደሜን ማን ከሰሰው?» አሉኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መቀጮውን ግን ጻፍኩባቸው።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተራው የኔ ሆነ። ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ድንኳን ውስጥ ከአግዳሚው ላይ ለመነሳት የሰው እጅ ፈለግሁ። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና እኔም ወረቀት አማረኝ። «ደሜን መርምሩልኝና ሕመሙ የት እንደደረሰ ንገሩኝ» ብዬ ከጡረታዬ ላይ ከፈልኩ። ውጤቱ ያው እንደ እትዬ ሆነ፤ ሁሉም ልክ። ጉልበቴ ግን ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል።

የእኅቴ ልጅ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ነገሩን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፤ እኔም በደብተር ጻፍኩት። ሐኪሞች ኦስቲኦአርትራይተስ የሚሉት ይህ ሕመም፣ በጉልበት አጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣ ነው። ከሥሩ ያለው አጥንትና ዙሪያው ያለው ጡንቻም አብሮ ይጎዳል። ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የድሮ ጉዳትና የዘር ነገር ያመጡታል፤ ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል።

ታዲያ ሐኪም ደም የሚያዘው ለምንድን ነው? ሌላ በሽታ አለመሆኑን ለማጣራት ነው። ኢ.ኤስ.አር እና ሲ.አር.ፒ የሚባሉት ሰውነት ውስጥ የመቆጣት ነገር መኖሩን ያመለክታሉ። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበትን በሽታ ለመለየት ያግዛል። ዩሪክ አሲድ ደግሞ ሪህን ለመለየት ይረዳል። እነዚህ ሁሉ ልክ ሲሆኑ «ሌላ በሽታ አይመስልም» ማለት ነው እንጂ «ጉልበትህ ደኅና ነው» ማለት አይደለም። እኔ መቀጮውን ስጽፍ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

ሳይንቲስቶችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ያ ሽፋን ሲጎዳ ስብርባሪው ወደ ደምና ወደ ሽንት ይገባል። በአጭሩ ኮምፕ የሚሉት ፕሮቲንና ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለው ነገር በደም ውስጥ ብዙ ተጠንተዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንግሊዝ አገር ሴቶችን፣ ቁጥራቸው 200 የሆነ፣ ደም መርምረው፣ ሕመሙ በራጅ ከመታየቱ 8 ዓመት አስቀድሞ ምልክት የሚሰጡ ፕሮቲኖች ማግኘታቸውን አስታውቀዋል። ተስፋ ያለው ሥራ ነው።

ነገር ግን ሕመምተኞችና ጤነኞች በጅምላ ሲወዳደሩ የሚታየው ልዩነት፣ አንድ ሰው ለብቻው ሲመረመር ይደባለቃል። ኮምፕ ሰው በእግሩ ብዙ ሲሄድ ብቻ እንኳ ይጨምራል። ከዳሌም፣ ከሌላ መገጣጠሚያም ሊመጣ ይችላል፤ ደም ከየት እንደመጣ አይናገርም። ስለዚህ የጉልበታችን ሕመም የት ደረጃ እንደደረሰ ለክቶ የሚነግረን፣ በየሐኪም ቤቱ የሚሠራበት የደም ምርመራ እስካሁን የለም። «በደምህ እለካልሃለሁ» የሚል ቢመጣ ገንዘባችሁን ያዙ።

ደረጃው የሚታወቀው ሰውየው በሚናገረው፣ ሐኪሙ ጉልበቱን ዳሶና አንቀሳቅሶ በሚያገኘው፣ ካስፈለገም በራጅ ነው። በራጅ የታየውን ከ0 እስከ 4 ደረጃ የሰጡት ኬልግሬንና ሎረንስ የሚባሉ ሐኪሞች ናቸው፤ ይህም በ1957 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ራጁም ብቻውን አይበቃም። ራጁ ከፍቶ ገበያ ደርሶ የሚመለስ አለ፤ ራጁ ቀሎ ሌሊት የሚያቃስት አለ።

አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ጉልበት በድንገት ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። ያን ጊዜ ምርመራ ግድ ነው። ለቆየው ሕመም ግን የሚበጀው የጭን ጡንቻን ማጠንከር ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ዘርግቶ ጥቂት መያዝና ቀስ ብሎ መመለስ። ክብደት ያለው ሰው ይቀንስ፤ በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ጥናት፣ ከሰውነት 1 ኪሎ ሲቀነስ በየእርምጃው ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ያህል ሸክም እንደሚወርድ አሳይቷል። ጎረቤት የሰጣችሁን የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ግን ዝም ብላችሁ አትዋጡ። ዲክሎፌናክና መሰሎቹ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዱ፣ የደም ግፊትንም ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጉልበቱን የታመመ አባል የደም ወረቀት አይጠየቅ፤ የጤና ባለሙያ «ይህን ይህን መሥራት አይችልም» ብሎ ከጻፈለት ይበቃል። ሁለተኛ፣ እንደዚህ ያሉ አባሎች መቀጮ ከሚጻፍባቸው ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ይሰጣቸው፤ መዝገብ መያዝ አለ፣ ዕቃ መቁጠር አለ። ለድንኳኑም ከፍ ያሉ ጥቂት ወንበሮች ይገዙ።

እኒያ እናታችን ዛሬ ከፊት ተቀምጠዋል። መቀጮውን ከኪሴ መልሼላቸዋለሁ፤ ሳቁን ግን መመለስ አልቻልኩም። ስለዚህ በዚያ ቀን በሳቀው ሰው ፊት እላለሁ፦ እትዬ፣ ልክ እርስዎ ነበሩ፤ ይቅር ይበሉኝ።