ስለ መርዝ ባሕርይና ስለ ባክቴሪያ አገልግሎት



የጅቡቲ ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናም ከ200 ሚሊሜትር ያነሰ እንደ መሆኑ መጠን፥ ሕዝቧ ለብዙ ዘመን የኖረው በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ በተከማቸ የጕድጓድ ውሃ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ በምድር ላይ የፈሰሰ መርዝ ወደሚጠጣው ውሃ እንዳይወርድ ያሠጋል።

በ2002 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ወደ ኢትዮጵያ ይሻገር የነበረ፥ እንጨትን ከምስጥና ከመበስበስ የሚጠብቅ ፈሳሽ በጅቡቲ ወደብ ከኮንቴይነሮች ሾልኮ አፈሩን መረዘው። በውስጡም ክሮም፥ መዳብና አርሴኒክ ነበሩበት። ይህን የሰማ ተማሪ «ባክቴሪያ ቆሻሻን ያበሰብስ የለምን? ይህንስ ስለ ምን አያጠፋውም?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ በኬሚስትሪ መጀመሪያ ትምህርት ይገኛል። አርሴኒክ ንጥረ ነገር ነው፤ ሕያው ፍጡር ጠባዩን ይለውጠዋል እንጂ አፍርሶ አያጠፋውም። ስለዚህ የተመረዘውን አፈር ማንሣት ወይም መርዙ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ግድ ይሆናል።

ብረትን ከቅባት ለማጽዳትና ልብስን ያለ ውሃ ለማጠብ የሚያገለግሉት ክሎሪን ያለባቸው ፈሳሾች ግን ውሑዶች ናቸው። ከውሃ ስለሚከብዱ ወደ ከርሠ ምድር ውሃ ጠልቀው ለብዙ ዓመታት ይቈያሉ፤ ነገር ግን ሊፈርሱ ይችላሉ። በ1997 ዓ.ም. የአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ዴሃሎኮኮይዲስ የተባለውን ባክቴሪያ ለዓለም አስታወቁ። ይህ ባክቴሪያ ኦክሲጅን በሌለበት የሚኖር ሲሆን፥ ሌላው ፍጡር ኦክሲጅንን እንደሚተነፍስ እርሱ እነዚህን መርዞች ይተነፍሳል፤ ክሎሪኑንም አንድ በአንድ እየነቀለ በቦታው ሃይድሮጅን ይተካል። በመጨረሻ የሚቀረው ኢትሊን የተባለው ጋዝ ነው፤ ጕዳቱም ከቀድሞው መርዝ እጅግ ያነሰ ነው። መሐንዲሶች ሥራውን ለማፋጠን ሞላሰስ ወይም የምግብ ዘይት ወደ መሬት ውስጥ ይጨምራሉ፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይህን ሲያብላሉ ለዴሃሎኮኮይዲስ የሚያስፈልገው ሃይድሮጅን ይወጣል።

ሆኖም ሥራው በመካከል ቢቋረጥ፥ ካንሰር የሚያመጣው ቪኒል ክሎራይድ በውሃው ውስጥ ይከማቻል። የመጀመሪያው መርዝ ስለ ጠፋ ብቻ ውሃው ነጽቷል ብሎ ማወጅ ሕዝብን ለባሰ አደጋ መስጠት ነው፤ ምርመራው ኢትሊን እስኪገኝና ቪኒል ክሎራይድ እስኪጠፋ ድረስ መቀጠል አለበት።

አብዛኛው የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ በጅቡቲ ያልፋል፤ ነገ በወደቡ፥ በመንገዱና በጋራዡ የሚሠሩትም የዛሬ ተማሪዎች ናቸው። መርዝ ፈሰሰ ሲባል አስቀድመው «ባሕርዩ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ፥ ጸዳ ሲባልም «ወደ ምን ተለወጠ?» ብለው እንዲመረምሩ ማስለመድ የመምህር ፈንታ ነው።